ስልኩ ይነሳል

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ፤ መግባት መውጣትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዘንድሮ ብዙ አላስቸገረኝም።

«ስልክሽ ሁልጊዜ ተይዟል» ብለህ ካለህበት ውጭ አገር በጎረቤት በኩል የላክኸው ወቀሳ ደርሶኛል። እውነትህን ነው፤ ስልኬ የኔ መሆኑ ቀርቷል። ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። አረፍ ብለህ አንብብ፣ ነገሩ ረጅም ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን አደባባዩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለች። የልብስ ስፌት ቤቴን በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ሆኗል። ወርዱ የሱቄን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ያለብሳል። አንዲት ጥርሷ የነጣ ሴት ትስቃለች፤ ከኛ ምእመናን አይደለችም፣ ማን እንደሆነች የሚያውቅም የለም። ከጎኗ በቀይ ፊደል «ሰባት ቀን ይምጡ! ሕይወትዎ ይለወጣል!» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር። የኔ ስልክ ቁጥር!

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያኑ መስመር ከተቋረጠ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያኔ አንተ ገና እኔ ዘንድ ነበርህ። ለጊዜው ተብሎ የሱቄ ቁጥር በቤተ ክርስቲያኑ ባለ ማኅተም የደብዳቤ ወረቀት ላይ ገባ፣ እንደገባም ቀረ። በዓመት አምስት ሰው ቢደውል ነው፤ ስለ ሠርግ፣ ስለ ቀብር። አሁን አታሚው ቁጥሩን ከዚያ ወረቀት ገልብጦ ሰቀለው። «ስልኩን ማን ያነሳል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ነገሩን ያመጣው የማስታወቂያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ታውቀዋለህ፣ ሶፋ ሻጩ። «ቁጭ ካሉ መነሳት የለም» እያለ በየአውቶቡሱ ጀርባ የሚለጥፈው። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበሮቻችን ባዶ ሲሆኑ አንጀቱ ያርራል። «እትዬ፣ ሳሙና በየግድግዳው ሲለፈፍ እኛን ምን ያሳፍረናል?» ይለኛል። እኔም ማስታወቂያ ኃጢአት ነው አላልሁም። ደወላችንም እኮ ማስታወቂያ ነው። ግን ደወሉ ኑ ይላል እንጂ በስንት ቀን ምን እንደምናገኝ አይናገርም። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሲጠራ ድሎት ቃል የገባላቸው አይመስለኝም።

ትናንት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ሰው ደወለ። አንዷ «ልጄ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሰባት ቀን ይመለሳል?» አለችኝ። በከንፈሬ የያዝሁትን መርፌ አወጣሁ። «አላውቅም እናቴ፣ ግን ንገሪኝ» አልኋት። ነገረችኝ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ ቆሞ ጠብቆ ጠብቆ፣ ነገ እመጣለሁ የሚል ምልክት ሰጥቶኝ ወጣ።

የሚሉኝን ሁሉ በልኬት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ወገብና ትከሻ በሚሞላበት መስመር። አንተ የማስታወቂያ ሰው ነህና ሙያህን ልጠይቅህ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፉት ሰው ያምነዋል ብለው ነው ወይስ አያምነውም ብለው? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ደግሞስ አንተ እሑድ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወንበሩ ይሞላል?

አክስትህ

*

ጥቅምት 27 ቀን

እናት ብልሽ ለማያንስብሽ ለአክስቴ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጉልበትሽንም እንዲሁ። እኔ ሥራ ከመብዛቱ በቀር ደህና ነኝ። አዲስ ፎቅ ላይ ወጥተናል። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ስለሆነ ስናዛጋ እንኳ አለቃችን ያየናል።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ ሰው ማስታወቂያን ቃል በቃል አይወስደውም እትዬ። የሚወስደው ስሜቱን ነው። ሰባት የሚባለው ቁጥር ደግሞ ለጆሮ ይጥማል፤ ስድስት ቢሉት ይጎድላል፣ ስምንት ቢሉት ይንዛዛል። የጻፈው ሰው ማንም ይሁን ማን በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ምናልባት የተጠየቀውን ቶሎ ጽፎ ወደ ሌላ ሥራው ሄዷል።

በቀን ስንት ሰው እንደሚደውል ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ለሙያዬ ያህል ነው። አንቺም አትጨናነቂ። ሁሉን በልብሽ አትያዢው።

ልጅሽ

*

ኅዳር 20 ቀን

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? ደግ ደጉን ያሰማኝ። መልስህ ደርሳኛለች፤ ቀጭን ናት። ስለ እሑድ የጠየቅሁህን ዘለልኸው። ይሁን።

ስሜቱን ነው የሚወስደው አልኸኝ። እስኪ አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። ባለፈው ማክሰኞ ትከሻው በሩን የሞላ ሰው ገባ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ከተገለበጠበት ወዲህ መሪ የሚሰጠው ጠፍቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ ከግድግዳ ጋር የሚፋጠጥ ሰው ነው። ማስታወቂያውን አይቶ ሰባት ቀን በተከታታይ መጣ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። እኔም አይቼዋለሁ። ማናችንም አላናገርነውም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ እሱቄ በር ላይ ቆመና «ሰባቱ ቀን አለቀ። ዛሬ ስምንተኛው ነው። ማንን ነው የማናግረው?» አለኝ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ያላለቀ ልብስ አልቋል ብዬ ለማንም አስረክቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ ያደረግሁ መሰለኝና አፈርሁ። «እኔን አናግር» ብዬ በርጩማ ሰጠሁት። እስከ ምሳ ተቀመጠ። የስፌት መኪናዬ ፔዳል ሲንቋቋ ሰምቶ ኖሮ፣ ሲነሳ ጎንበስ ብሎ አጠበቀልኝ። በማግስቱ ዘይት ይዞ መጣ። አሁን በየቀኑ ይመጣል፤ የሱቁ በር ላይ ከኔ ቀድሞ ይደርሳል።

በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ወረቀት ላከልኝ። ስልክ ሳነሳ የማነበው ነው። «እንኳን ደወሉ! የለውጥዎ የመጀመሪያ ቀን ዛሬ ነው!» ብሎ ይጀምራል። ደዋዩ ሲያመነታ ምን እንደሚባል፣ ሲያለቅስ ምን እንደሚባል ተዘርዝሯል። «ደዋዩ ዝም ካለ እስከ ሦስት ይቁጠሩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፉ» ይላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከማንሳትዎ በፊት ፈገግ ይበሉ፤ ፈገግታ በስልክ ይሰማል» ይላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኋት። በዚሁ ባንኮኒ ላይ ስልክ ማንሳት ሳስተምርህ ምን እልህ እንደነበር ታስታውሳለህ? የሰው አሳብ አንዳንዴ እንዴት ይገጣጠማል!

ወረቀቱን ለኮሌታ ልክ መቁረጫ አድርጌዋለሁ። ስንት ሰው እንደሚደውል ለጠየቅኸኝ፣ መቁጠሩን ትቻለሁ። ምን ምን እንዳሉኝ ግን ልነግርህ እችላለሁ።

አክስትህ

*

ጥር 2 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራው ነው።

አዲስ ስልክ ልላክልሽ? ሲፈልጉ የሚዘጋ፣ ድምፁም የሚቀነስ አለ። ከኮሚቴው ጋር ባትጋፊ ደግሞ ደስ ይለኛል። ወረቀቱን ብታነቢላቸው ምን ይጎዳሻል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንቺም ታርፊያለሽ።

ሌላም የምጽፍልሽ ነገር ነበረኝ። በሌላ ጊዜ ይሁን።

ልጅሽ

*

ጥር 25 ቀን

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያሳርፍልህ። ከምርቃት ሁሉ ይቺን የመረጥሁልህ አስቤበት ነው።

ስልክ አልፈልግም። ያለኝም በዝቶብኛል።

ሶፋ ሻጩ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ሱቄ መጥቶ ነበር። «እትዬ፣ ማስታወቂያው አንድ ነገር ይላል፣ እርስዎ ለደዋዩ ‘አላውቅም’ ይላሉ። እንዲህ ሆኖ ማን ይመጣል?» አለኝ። በመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ ጉባኤ ተጠርቷል። ወይ ወረቀቱን አነባለሁ፣ ወይ መስመሩ ወደ ሶፋ ቤቱ ይዛወርና የሽያጭ ሠራተኛዋ ታነባለች። እፎይ ማለት ነበረብኝ አይደል? ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀሚስ በሰዓቱ አላደረስሁም። ግን በስምንተኛው ቀን የሚመጣውን ሰው ማን ይቀበለዋል? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጉባኤ ፊት ቆሜ አላውቅም። ስናደድ አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ አሁን ሙያህን አልጠይቅህም። አንዲት ነገር ብቻ መልስልኝ። ያንን ቃል የጻፈው ሰው አንድ ቀን እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ቢያነሳ ኖሮ፣ ይጽፈው ነበር?

መልስህን እስከ ጉባኤው እጠብቃለሁ። ብትዘገይም ልጄ ነህ።

አክስትህ

*

የካቲት 18 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

እትዬ፣

አይጽፈውም ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሶፋ ሻጩ ክረምት ላይ ጽፎልኝ ነበር። «አክስትህን ድንገት ደስ እናሰኛት፣ እንዳትነግራት» አለኝ። ምሳ ሰዓቴ ላይ በሃያ ደቂቃ ሠራሁት። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ፤ ከፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ነው ያነሳሁት። «ሰባት ቀን ይቀቡ! ፀጉርዎ ይለወጣል!» የሚል ጽፌ ነበር። ፀጉር የሚለውን አውጥቼ ሕይወት የሚለውን አስገባሁ። የምትስቀዋም ሴት ከቅባቱ ሥራ የተረፈች ፎቶ ናት።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ስልኩን የምታነሺው አንቺ እንደሆንሽ እያወቅኩ። ሸክም አቃልልላታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ፈገግታ በስልክ ይሰማል ያልሽኝን ያንቺኑ ቃል ሰርቄ መልሼ ላንቺ ላክኩልሽ። ያንን ስታነቢ የሆንሽውን ሳስብ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ስለ እሑድም ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ የሚሸጥልኝ ነገር ያለው እየመሰለኝ ተውኩት። ይኸው ዞሬ ሻጩ ራሴ ሆንኩ። ሹፌሩ ሰባት ቀን የተቀመጠው እኔ ሃያ ደቂቃ በማልሞላ ጊዜ የጻፍኩትን አምኖ ነው። ስለሱ የጻፍሽውን ደብዳቤ ሁልጊዜ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጉባኤው አንብቢው። ስሜንም ጥሪ። ሶፋ ሻጩን አትውቀሱት፤ እሱ ያመነው ሙያዬን ነው። ከዚህ በኋላ ልጄ ብትይኝም ባትይኝም አልፈርድብሽም።

*

መጋቢት 16 ቀን

ለልጄ፣

እልል በል! አሸነፍን! ስሙ ይመስገን፤ አንተንም ይባርክህ፣ መስታወት ቤትህንም ይባርክ፣ ከፈለገ ያንን ቅባትም ይባርከው!

በቅድሚያ ስለ አንተ ጉዳይ። አንተ እንደጻፍኸው ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ። ፈገግታ በስልክ ይሰማል የሚል ሰው በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነን። በራስህ አፍ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት። ተናድጄብህ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ፎቶህን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ከዚያ ናፈቅኸኝና መለስሁህ።

ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ። እሑድ በቀሚሴ ኪስ ይዤው ገባሁ፣ ግን አላነበብሁትም። ጥፋትህ የኔና የአንተ ጉዳይ ነው። ጉባኤው መስማት የነበረበት የደዋዮቹን ነው።

የልኬት ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ንግግር አላደረግሁም፤ ዝም ብዬ ማንበብ ጀመርሁ፣ የማንንም ማንነት ሳልገልጥ። «ልጄ በሰባት ቀን ይመለሳል?» «ከባሌ ጋር አሥር ዓመት ሳንነጋገር አንድ ቤት ኖረናል፤ ሁለታችንም መምጣት አለብን ወይስ አንዳችን ይበቃል?» «ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ምንም አልተሰማኝም፤ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

ሳበቃ ሹፌሩ ከኋላ ተነሳ። «እኔ ስምንተኛው ቀን ነኝ» አለ። «ሰባት ቀን እዚህ ስቀመጥ ደህና አደርህ ያለኝ የለም። የተለወጠልኝ ነገር ቢኖር ስምንተኛው ቀን ላይ አንዲት ሴት ‘አላውቅም፣ ተቀመጥ’ ስላለችኝ ነው።» ይህን ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ሁሉም ወደ ሶፋ ሻጩ ዞረ። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው። «እትዬ፣ አንዱን ዘለሉት» አለኝ። አውቄ ነበር የዘለልሁት። «የገና ሰሞን ማክሰኞ የደወለ ሰው ነበር። እኔ ነበርሁ። ወረቀቱን ማንበብዎን ለመፈተን ድምፄን ለውጬ ደወልሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስለማታናግረኝ ልጄ ማውራት ጀመርሁ። አርባ ደቂቃ አወራሁ። እርስዎ ደግሞ ማን እንደሆንሁ ከመጀመሪያዋ ቃል አውቀዋል፤ አይደል?» አለኝ። «ድምፅህንማ ከአውቶቡስ ማስታወቂያ በላይ አውቀዋለሁ» አልሁት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን እያለቀሰ ነበር። «ማስታወቂያው ይውረድ» አለ፣ ራሱ የሰቀለው ሰው! መጋቢያችን መነጽሩን እየጠረገ ድምፅ አሰጠ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ አንቀላፍቶ ከነበረው ከአንድ ሽማግሌ በቀር። እሱም ሲቀሰቅሱት ሁለቱንም እጁን አወጣ።

ሰኞ ሹፌሩ መሰላል ይዞ ወጣና አወረደው። ወደ ቆሻሻ ሊወስዱት ሲሉ «ቆይ!» አልሁ። ኮሌታ ፊቱ ሲያልቅ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ፤ ፈትቼ እገለብጠውና ደህናውን ፊት ወደ ውጭ አድርጌ እሰፋዋለሁ። የማስታወቂያው ጀርባ ንጹሕ ነጭ ነበር። ሱቁ አልበቃ ብሎን እመንገዱ ዳር ዘረጋነው። ፊደሉን እኔ በልብስ ጠመኔ ነደፍሁ፣ መዘምራኑ በጉልበታቸው ተንበርክከው ቀቡት። እንዲህ ይላል፦

«ሰባት ቀን ብለን ነበር፤ ተሳስተናል። ቃል የምንገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልኩ ይነሳል።»

መኪናው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ያዘግማል። ጥሩንባ እየነፋ፣ እጁን እያወዛወዘልኝ የሚያልፍ አለ። ስልክ የሚያነሱ አሥራ አንድ ሰዎች ተመዝግበዋል። ማክሰኞ የሶፋ ሻጩ ነው። ለሱቄ ባለ ሁለት መቀመጫ ሶፋ አመጣልኝ፤ ቁጭ ካሉ መነሳት የለም የሚለው እውነቱን ኖሯል፣ የተቀመጠበትን ሰው ለምሳ እንኳ ማስነሳት አቅቶኛል። ሐሙስ ደግሞ ልጇ የሄደባት ሴት ናት። ልጇ አልተመለሰም። እሷ ግን እንደሷ ላለው ሰው ታነሳለች፣ ከኔ ይልቅ ታውቅበታለች። ባለፈው እሑድ አይቻቸው የማላውቃቸውን ሠላሳ አንድ ፊቶች ቆጠርሁ። ብቻውን የተቀመጠ አንድም አልነበረም።

ስልክ የሚጠግነው መዘምር መስመሩን ወደ ውጭ አገር ማዞር ይቻላል ብሎኛል። ረቡዕ አንተ ምሳ በምትበላበት ሰዓት ሰው የለንም። በምሳ ሰዓትህ እንደጻፍኸው፣ በምሳ ሰዓትህ ስልኩን ታነሳለህ። ፈቃድህን አልጠየቅሁም፤ ዝርዝሩ ላይ አስገብቼሃለሁ። ቀጣሽኝ ብትል ቀጣሁህ፣ ሾምሽኝ ብትልም ሾምሁህ።

እናትህ ብል የማይበዛብኝ፣ አክስትህ

*

ሚያዝያ 8 ቀን

ለእናቴ ለአክስቴ፣

ደስታሽ አይጉደልብኝ። ፎቶዬንም እባክሽ ከእንግዲህ አታዙሪው።

ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ሳነብ ጮኼ ሳቅኩ፤ ግድግዳው መስታወት ነውና ሁሉም አየኝ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ያንንም አዩ። ባለፈው እሑድ ሄድኩ። በስተኋላ ተቀመጥኩ። ሊሸጥልኝ የመጣ የለም። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ነበሩ፤ ደህና አደሩ አልኳቸው።

ረቡዕ ምሳዬን ትቼ የማተሚያ ማሽኖቹ ካሉበት ክፍል ገባሁ። ስልኩ ጠራ። ፈገግ አልኩና አነሳሁ። «ይነሳል ያላችሁት እውነት ነው?» አለችኝ አንዲት አሮጊት። «ተነስቷል እናቴ» አልኩ። «በሉ ደህና ዋሉ፣ ማረጋገጤ ነው» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አንቺ እንዳልሆንሽ በጉልበትሽ ማይልኝ።

ሁለተኛው ደዋይ ምንም አላለም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። ከሦስት በኋላ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላልኩትም። አራት፣ አምስት እያልኩ ሄድኩ፣ ሠላሳ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። አለቃዬ በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው። የምሳ ሰዓቴ እያለቀ ነበር።

«አለህ?» አለኝ ሰውየው።

«አለሁ» አልኩት። መናገር ጀመረ።

ልጅሽ